ለከዲጃ ያወጅኩላት ተውበት

ለነፍስ አባቴ ያልነገርኩትን ነው ለእናንተ የምነግራችሁ። በየጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ረስቼ የቀመስኩትን ወተት ሳይቀር ዘርዝሬያለሁ። ይህችን አንዲት ቃል ግን አላወጣኋትም። ፈርቼ እንዳይመስላችሁ። ቄሱ ደግ ሰው ናቸው፤ ስግደት ያዙኛል፣ "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ይሉኛል፣ ያልቃል። እኔ ደግሞ እንዲያልቅልኝ አልፈልግም።

ብርቄ እባላለሁ፤ የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ፤ ዘፋኝ ነኝ። ያደረግኩትን አስቀድሜ ልናገረው። ጓደኛዬን ከዲጃን በአንዲት ቃል ዘፈን ከለከልኳት። አልሰደብኳትም፤ ስሟንም አላጎደፍኩም። እንዲያውም ስሟን ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት፣ እሷ ራሷ እንኳ ልታወርደው በማትችልበት ቦታ ሰቀልኩት። ክፋቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

መንግሥት ሳይለወጥ በፊት ከተማችን የኪነት ቡድን ነበራት፤ ያን ጊዜ ኪነት ያልነበራት የትኛዋ ከተማ ናት? አሥራ አንድ ነበርን። አለቃችን ጋሽ ደምሴ አኮርዲዮን ይጫወታል፤ ከዲጃ ታወጣለች፤ እኔ ከሁለት ልጃገረዶች ጋር ከኋላዋ ቆሜ እቀበላለሁ። እሷ ስታወጣ እኔ ስቀበል፣ እሷ ስታወጣ እኔ ስቀበል፣ ስድስት ዓመት ሙሉ የከዲጃን ጀርባ አየሁ። ሹሩባዋ ስንት መስመር እንደሆነ ከሠራቻት ሴት ይልቅ እኔ አውቅ ነበር።

በጭነት መኪና ተጭነን ደጎሎ ወርደናል፣ ወግዲ ሄደናል፣ ማሻ ድረስ ዘልቀናል። የምንዘፍነው አብዛኛው ስለ እርከን ሥራና ስለ መሠረተ ትምህርት ነበር፤ ዛሬ አንዱንም የሚያስታውስ የለም። አንዲት ዘፈን ግን ነበረች፤ ከዲጃ ራሷ የገጠመቻት፣ ካድሬዎቹ ተነስተው ሲሄዱ መጨረሻ ላይ የምናስገባት።

ጃማ ሜዳ ላይ ያየሁት ስንዴ፣
ነፋስ በመጣ ይሰግዳል እንዴ?

ደጎሎ ገበያ ላይ ይህችን ስታወጣ እህል ነጋዴው ሚዛኑን ጥሎ ይመጣ ነበር። እኔ ከኋላ "ይሰግዳል እንዴ፣ ይሰግዳል እንዴ" እላለሁ። ሥራዬ ያ ነበር። ድምፄ ከእሷ አያንስም ብዬ አስብ እንደነበር ልደብቃችሁ? አስብ ነበር።

መንግሥት ሲለወጥ ተበተንን። መሣሪያው መጋዘን ገብቶ ተቆለፈበት፤ እኛንም "የድሮ አጨብጫቢዎች" እያለ የሚጠቁመን አልጠፋም። ከዲጃ እንደ ብዙዎቹ የሰፈራችን ልጆች ዐረብ አገር ሄደች። እኔ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ትንሽ ሱቅ ከፍቼ ሽንኩርትና በርበሬ ቸረቸርኩ። ዓመታት አለፉና "ዘፋኟ" ብሎ የሚጠራኝ ሰው ጠፋ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ወረዳው በየዓመቱ በጥር ወር የባህልና የሙዚቃ ፌስቲቫል ይዘጋጅ አለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ መምህር ይማም ነበሩ፤ የከተማውን ግማሽ ያስተማሩ፣ ሁለት የተጣላ ሰው ፊታቸው ሲቀርብ ገና ሳይናገሩ የሚታረቅላቸው ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት የወጣቶቹን ባንድ አቀረቡ። ልጆቹ ኪቦርድ ይዘው ከሬዲዮ የለመዱትን የአዲስ አበባ ዘፈን ዘፈኑ፤ ሕዝቡ እያጉረመረመ ወደየቤቱ ሄደ። በሁለተኛው ዓመት መምህር ይማም "የድሮዎቹን ጥሩልኝ" አሉ።

ተጠራን። የቀረነው ስድስት ነበርን። የአኮርዲዮኑን ወናፍ አይጥ በልቶት ጋሽ ደምሴ በብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭ ለጠፈው። የድሮው ልብሳችን ወገቡ አልዘጋ ብሎን በመርፌ ቁልፍ ያዝነው። መድረክ ላይ ወጣን። ገና አኮርዲዮኑ ሲነሳ ሜዳው ተናወጠ፤ ሰው ጨፈረ፣ ሰው አለቀሰ።

ሞኝ አይደለሁም፤ የናፈቁት እኛን እንዳልነበረ አውቃለሁ። አንዱ ሚስቱን ያየው በዚያ ዘፈን ነው፤ አንዷ ወንድሟን ለግዳጅ የሸኘችው በዚያ ዘፈን ነው። የሃያ ዓመት ዕድሜያቸውን ነበር የጠሩት፤ እኛ ተከትለነው መጣን። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ የሚጠሩት እኛኑ ነው። ወጣቶቹ ከመድረኩ ጀርባ "እነዚህማ በቅርስነት ይመዝገቡ" እያሉ ሲያላግጡ እሰማለሁ። ያላግጡ። እነሱም ያረጁና ማን እንደሚጠራቸው እናያለን።

ከዲጃ ስለሌለች የማወጣው እኔ ሆንኩ። እኔ አወጣሁ፣ ሌሎች ተቀበሉ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ከሰው ጀርባ ወጣሁ። ፊት ለፊቴ የሰው ጀርባ የለም፤ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ ነው። ሽንኩርት ልትገዛ የመጣች ሁሉ "ዘፋኟ፣ እንዴት አደርሽ" ትለኝ ጀመር። ወደድኩት። አሁንም ሳስታውሰው ደስ ይለኛል፤ ይህንንም አልክድም።

ሁለት ጊዜ ከወጣን በኋላ፣ አራተኛው ፌስቲቫል ሊደርስ ወር ሲቀረው፣ ከዲጃ ከጅዳ መጣች። አሥራ አንድ ዓመት ቆይታ ነበር። ጥቁር አባያ ለብሳለች፤ ፊቷ ከስቷል፤ ሳቋ ግን ያው ነው። ሱቄ በር ላይ ተቀምጠን ስናወራ ዋልን። ዘፈኑ እንዳይጠፋባት በሰው ወጥ ቤት ዕቃ ስታጥብ ቧንቧውን ለቅቃ፣ በውሃው ድምፅ ተከልላ ትዘፍን እንደነበር ነገረችኝ።

"ወላሂ ብርቄ፣ አንድም ቀን አልተያዝኩም። እመቤቲቱን የሚገርማት የውሃው ቢል ነበር" ብላ እስክታነባ ሳቀች።

ቀጥላ ደግሞ ጠየቀችኝ። "ኪነቱ ተመልሷል አሉኝ፤ ሐቅ ነው?"

"ሐቅ ነው" አልኳት።

"ማን ያወጣል?"

ከዲጃ ፊቴን አየችና ገባት፤ ሁልጊዜም ቶሎ ይገባታል። ጉልበቴን መታ መታ አድርጋ "አብሽሪ! እየተፈራረቅን እናወጣለን፤ አንዱን አንቺ፣ አንዱን እኔ" አለችኝ።

ሰማችሁ? ሳልጠይቃት ግማሹን ሰጠችኝ። እኔ ያን ቀን "እሺ" ብዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምንም የምናዘዘው ነገር አይኖረኝም ነበር። እኔ ግን ግማሹን አልፈለግኩም።

በሳምንቱ መምህር ይማም አስጠሩኝ። "ከዲጃ መጥታለች አሉ" አሉኝ። "የድሮው ዘፈን ያለ ከዲጃ ጎዶሎ ነው። ጓደኛዋ አንቺ ነሽ፤ ፈቃዷን ጠይቂልኝ።"

ጎዶሎ! ሁለት ዓመት ያን ሁሉ ሕዝብ ያስጨፈርኩት ሴት ጎዶሎ ነበርኩ? ቃሉን ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ ሦስት ቀን አላመጥኩት። ጎረቤቴ የሆነችውን ከዲጃን በእነዚያ ሦስት ቀናት አንድም ጊዜ አልጠየቅኳት።

ሦስት ቀን ምን ሳስብ እንደቆየሁ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም በስሜት ያመለጠኝ ቃል አልነበረም። "አልፈልግም ብላለች" ብል መምህር ይማም ሽማግሌ ይዘው ደጇ ይቆማሉ፤ በአገራችን የሽማግሌ ልመና እንዴት ይታለፋል? "አሟታል" ብል ብርቱካን ይዘው ሊጠይቋት ይሄዳሉ። "ድምፅዋ ጠፍቷል" ብል እስኪ ትሞክር ይላሉ፤ ከሞከረች ደግሞ እኔ አለቀልኝ። እምቢታ ሁሉ ይለመናል። የማይለመን አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እኔ ክርስቲያኗ አወቅኩት። ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ተወልጄ፣ ሰርጉንም ለቅሶውንም አብሬ ኖሬ፣ የዚያች ቃል ክብደት እንዴት አይገባኝም? እንዲያውም ከብዷ የተነሳ ነው የመረጥኳት።

በአራተኛው ቀን ኮሚቴው ተሰብስቦ ሳለ ገባሁ። "ከዲጃ ቶብታለች" አልኩ። "ዘፈኑን ለአላህ ብላ ትታዋለች።"

መምህር ይማም ከወንበራቸው ተነሱ። መዳፋቸውን ዘርግተው "አልሐምዱሊላህ፤ አላህ ይቀበላት" አሉና ፊታቸውን አበሱ። እስላሙም ክርስቲያኑም "አሚን" አለ። እኔም አልኩ። በገዛ ውሸቴ ላይ፣ ከሁሉም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አሚን አልኩ።

ከዲጃ ጥሪ ጠበቀች። ሳይጠሯት ሲቀሩ የረሷት መሰላትና ልምምድ በያዝንበት ቀን ራሷ ወደ አዳራሹ መጣች። ዓይኗን ኩል ተኩላ ነበር፤ አባያውን አውልቃ የሐር ሻሽ አስራለች፤ በፈገግታ ነው የገባችው። እኔ ማይክሮፎኑ ጋ ነበርኩ። ጋሽ ደምሴ ዘሎ ሊያቅፋት ሲል ትዝ አለውና እጁን ሰበሰበ። ሁሉም ከመቀመጫው ተነሳ። መምህር ይማም ወንበራቸውን ለቀቁላት።

"ነይ ልጄ፣ እዚህ ተቀመጪ" አሏት። "ሰምተናል፤ አላህ ይቀበልሽ። ማንም ስለ ዘፈን አፉን እንዳይከፍትብሽ አደራ ብያቸዋለሁ፤ እኛ አናስቸግርሽም።"

"ምኑን ጋሼ?" አለች።

"ተውበትሽን።"

ከዲጃ ዙሪያውን አየች። ሁሉም በአክብሮት አንገቱን ደፍቷል። ዓይኗ ሄዶ ሄዶ እኔ ላይ አረፈ፤ እኔ ብቻ ነበርኩ ቀና ያልኩት።

እስኪ እናንተ ፍረዱ። በሽማግሌ ፊት፣ እንኳን ደስ ያለሽ በሚል ሕዝብ መሃል፣ አንዲት ሙስሊም ሴት "የለም፣ እኔ አልቶበትኩም" ብላ እንዴት ትናገራለች? ምን ዓይነት አፍ ነው እንዲህ የሚል? "አሚን፣ ጋሼ" አለች። "አላህ ይስጥልኝ።" ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ ወጣች። ጋሽ ደምሴ "እንዴት ያለች ጨዋ!" ብሎ እንባውን ጠረገና አኮርዲዮኑን አነሳ። እኔም አወጣሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ሱቄ መጣች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። ቆማ ነው ያናገረችኝ።

"ሌላ ቃል አጣሽ?" አለችኝ። "ድምፅዋ ጠፍቷል ብትዪ ኖሮ ዘፍኜ አሳያቸው ነበር። አሟታል ብትዪ ድኜ እመጣ ነበር። ሌባ ናት ብትዪ እንኳ ምዬ እነጻ ነበር። ከዚህኛው በምኔ ልውጣ?"

"ሄጄ ዋሽቼ ነው እላቸዋለሁ" አልኳት። ከልቤ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም።

"አትነካኪው! ዋሽቼ ነው ብትዪ ማን ያምንሻል? ከዲጃ ለመዝፈን ብላ ቶባዋን አፈረሰች ነው የሚሉት። በሕይወት እያለሁ ይህን ነገር እንዳታነሺ።"

"አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" አልኳት፤ እንደ አገራችን ወግ።

"አፉ አልልሽም" አለችኝ። "አልረግምሽም፤ ግን አፉ አልልሽም።" ሄደች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። ማንም አልነካትም፤ ሁሉም አከበራት። ሰርግ ቤት ስትገባ ልጃገረዶቹ "እትዬ ከዲጃ መጣች" ብለው ከበሮውን ያቆሙላታል። ሚኒባስ ስትሳፈር ሹፌሩ ካሴቱን ያጠፋላታል፤ "ኧረ ተወው ልጄ" ብትለውም ከትሕትናዋ ነው ብሎ አይሰማትም። ትንሽ ቆይታ ሰርግ መሄድ ተወች። ጥር ሲመጣ፣ ድምፅ ማጉያው ሜዳው ላይ መተከል ሲጀምር፣ ወንድሟ ዘንድ ደጎሎ ትሄዳለች። በሱቄ በር ነው የምታልፈው። አንድ ዘንቢል ይዛ፣ ወደ እኔ ሳትዞር። በየዓመቱ አየኋት፤ በየዓመቱም መድረክ ላይ ወጥቼ ስንዴውን ዘፈንኩ። የእሷን ግጥም። ስምንት ጊዜ።

አንዳንድ ቀን ለራሴ ምክንያት እሰጣለሁ። ተከብራ ኖረች፤ ምን ጎደለባት? እላለሁ። ስድስት ዓመት ከኋላ ያቆሙኝስ? እላለሁ። አሁን ግን አንዱንም እንዳትቀበሉኝ። ከሰው ኋላ መቆም ማንንም አልገደለም፤ ተቀባይ ባይኖር ዘፈን የለም። ደግሞስ እሷ ግማሹን ሰጥታኝ አልነበረም? ያልተራበ ሰው ሰርቆ "ርቦኝ ነው" ቢል ምን ትሉታላችሁ?

ዘፈኔን ግን አልናዘዘውም። ቄሱም ሼሁም ተሰብስበው "ኃጢአትሽ መዝፈንሽ ነው" ቢሉኝ አልሰማቸውም። ጥሩ ዘፍኛለሁ፤ ሰው አስጨፍሬያለሁ፤ ያዘኑትን አስረስቻለሁ። ኃጢአቴን አውቀዋለሁ፤ ሌላ ሰው ስም አያውጣለት።

አምና ከዲጃ ኩላሊቷን ታመመች። ደሴ ወሰዷት፤ መለሷት፤ አረፈች። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ሳለሁ፣ ዛሬ በምርኩዝ የሚሄዱት መምህር ይማም ተነስተው ተናገሩ። "ዓለም በእጇ ሳለ፣ ዘፈኑን ለአላህ ብላ በገዛ ፈቃዷ የተወች" አሏት። አጠገቤ ያለችው ሴት በክርኗ ጎሰም አድርጋኝ "ምስክሯ አንቺ ነሽ" አለችኝ። ምስክር! መነሳት ነበረብኝ። አልተነሳሁም። ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ከሌሎቹ እኩል አለቀስኩ።

በሕይወት እያለሁ አታንሺው ብላኝ ነበር። ጠበቅኩላት፤ ከዚህ በላይ አልጠብቅም። "የሞተችን ሴት መልካም ስም ለምን ታበላሺያለሽ?" የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ስሟን የማበላሸው እኔ ነኝ ወይስ እናንተ፣ መዝፈን መፈለጓን እንደ እድፍ የምታዩት? ያ ስም የእሷ አልነበረም፤ እኔ የሠራሁት ነው። ከዲጃ አምስት ወቅት ትሰግድ ነበር፤ ረመዷኗን ትጾም ነበር፤ መዝፈንም ትፈልግ ነበር። ሦስቱም እሷው ነበረች።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የምትችለው አንዲት ሰው ነበረች፤ ጠየቅኳት፣ አልልም አለች፣ ልክ ናት። ከእሷ የተረፈ ምሕረት በእናንተ እጅ የለም፤ ብትሰጡኝም አልወስድም።

ዘንድሮም እኛኑ ጠርተውናል። ጋሽ ደምሴ ጆሮው ደክሟል፤ ቢሆንም ይመጣል። እኔም እወጣለሁ፤ ልትጮሁብኝ የምትፈልጉ ኑና ጩኹብኝ። ያን ቀን ሜዳው ላይ አጠገባችሁ የቆመ ሰው "ይህችን ዘፈን ታወጣ የነበረችው ከዲጃ ለአላህ ብላ ተወችው" ቢላችሁ ግን፣ ዝም ብላችሁ አሚን እንዳትሉ። አልተወችውም በሉት። ልትዘፍን ሻሿን አስራ መጥታ ነበር። የከለከላት አላህ አይደለም፤ ያቺ መድረኩ ላይ የቆመችው ሴት ናት በሉት።